ሰው ከሆንሽ ቁሚ

«ሰው ነሽ ወይስ ሌላ?» ተብላችሁ ተጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? የምላችሁ ለቀልድ አይደለም። ከምር፣ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ፣ መልሳችሁ ካላሳመነው ጥሏችሁ በሚሄድ ሰው። እኔ ተጠይቄያለሁ። ያውም ጣና መሃል፣ ጀንበሯ ልትገባ ስትል፣ ከጀርባዬ ሌላ የሚተነፍስ ነገር እያለ።

ሀብታም እባላለሁ። ስም ነው እንጂ ኪሴን አይመለከትም። ተወልጄ ያደግሁት ማክሰኝት ነው፤ እንጀራ ያገኘሁት ግን ባሕር ዳር። ዳንሰኛ ነኝ። ለሌሎችም ውዝዋዜ አወጣለሁ፤ ኮሪዮግራፈር የሚሉት እኔን ነው። በሕፃንነቴ ፖሊዮ ይዞኝ አንዱ እግሬ ጭራሹን አይሠራም፣ ሌላው ደግሞ ያለ ክራንች አይሸከመኝም። ይህን ስነግራቸው ሰዎች መጀመሪያ እግሬን ያያሉ፣ ቀጥለው ፊቴን ያያሉ፣ ከዚያ «ጎበዝ!» ይላሉ። እንጀራ ጋገርሁ ያልኋቸው ይመስል! ሥራዬ ነው እንጂ ምን ያጎብዛል?

ክራንች ከማግኘቴ በፊት እድህ ነበር። እናቴ ማክሰኝት ገበያ ነጭ ሽንኩርት ትሸጣለች፤ እኔ በሻጮቹ መሃል በእጄና በጉልበቴ እየዳኽሁ እከተላታለሁ። አንድ ቀን አንዲት የማናውቃት ሴትዮ ቆም አለችና «አይ ምስኪን፣ እግዜር ይማርሽ» ብላ ቁራሽ ዳቦ ጣለችልኝ። ሰጠችኝ አላልሁም፤ ጣለችልኝ። እኔ ሕፃን ነኝ፣ ደስ ብሎኝ በላሁት። ቀና ስል እናቴ ታለቅሳለች። ማታ ቤት ስንገባ አገጬን ይዛ «ከእንግዲህ ሰው ፊት አትድሂ» አለችኝ። ክራንች እስካገኝ ድረስ ገበያ አልወጣሁም፣ ደጅም አልወጣሁም። ካገኘሁ በኋላ ደግሞ መሬት ላይ ያየኝ ሰው የለም።

ዳንሰኛ ስሆንም ይህችን ነገር ይዣት ገባሁ። ቡድናችን ውስጥ አካል ጉዳት ያለብንም የሌለብንም አለን፤ እኔ ያወጣኋቸው ጭፈራዎች ግን ሁሉም የቁም ናቸው። ሰብለ የምትባል ጓደኛ አለችኝ፤ በመኪና አደጋ አንድ እግሯን ያጣች። እሷ ነጋ ጠባ «ሀብታም፣ ወለሉን ለምን አንሠራበትም? ቁጭ ብለን፣ ተንከባልለን...» ትለኛለች።

«ወለል ለመጥረግ ነው» እላታለሁ።

«አንቺ እኮ ወለሉን ትፈሪዋለሽ።»

«ዝም በይና ትከሻሽን አስተካክይ!»

በዚያ ሰሞን ቁንዝላ ሄደን ነበር። ወላጆች ተሰብስበው ጨፈርንላቸው፤ ከዚያ እኔ ማይክ ይዤ «ልጆቻችሁን ቤት አትደብቁ፣ አውጧቸው» እያልሁ ተናገርሁ። ጥሩ ነው የምናገረው፣ ሰው ያስለቅሳል። ስጨርስ አንዲት እናት እጇን አወጣች።

«የኔዋ ልጅ ክራንችም መያዝ አትችልም። እጇ ደካማ ነው፤ የምትችለው መዳህ ብቻ ነው። እሷንስ ላውጣት ወይ?»

«እ... ሐኪም ያያታል፣ ጥሩ ጥሩ ሕክምና አለ» አልሁ። ሴትዮዋ እጇን አወረደች። ጠያቂ ሲያፍር ታውቁታላችሁ አይደል? እንደዚያ ሆና ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። ያ ፊቷ ጀልባ እስክንሳፈር ድረስ አልለቀቀኝም።

ስንመለስ በሁለት ጀልባ ነበርን፤ ወንዶቹ ከነከበሮው በአንዱ፣ ሴቶቹ ከነልብሱ በሌላው። እኔ ጀልባ ላይ በራሴ አልወጣም። ከበሮ መቺያችን ይበልጣል ያዝለኛል፤ ሁልጊዜ እሱ ነው፣ ማንም አይጠይቅም፣ እኔም አልጠየቅም። ክራንቼን ሌላ ሰው ይይዝልኛል፣ ቦርሳዬን ሌላ ሰው። ንግሥት በሉኝ! ያገራችን ሰው ደግነቱ እንደዚህ ነው፤ ሳትናገር ተሸክሞህ ይሄዳል።

መንገድ ላይ ሰው የማይኖርባት ትንሽ ደሴት አለች። ዙሪያዋ ደንገል ነው፣ መሃሏ ላይ ጉብታ፣ ጉብታው ላይ አንድ ትልቅ ሾላ። ቪዲዮ የሚቀርጸን ልጅ «እዚች ላይ አንዲት ነገር እንቅረጽ!» ብሎ ያዘን። የጀልባው ነጂ አልወደደም።

«ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል። ደግሞ እዚህ ሰው አይወርድም።»

«ለምን?» አልሁት።

«እንጃ። አይወርድም በቃ።»

ወረድን። ይበልጣል አዝሎ ከደንገሉ ማዶ፣ ከጀልባዎቹ ዞር ካለ ቦታ፣ ውኃው አጠገብ ካለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጠኝና ወደ ጀልባዎቹ ተመለሰ። ከድንጋዩ ጎን ሣሩ ተረጋግጦ፣ ጭቃው ተቦክቶ፣ ከውኃው ወደ ጉብታው የሚወጣ መንገድ ሆኗል። «ላሞች አሉ ማለት ነው» አለ ቀራጩ። «ይኖሩ ይሆናል» አልሁ። ሰው በማይኖርበት ደሴት የማን ላም እንደሚረግጥ አንዳችንም አልጠየቅንም።

ነጩን የጭፈራ ቀሚሴን እንደለበስሁ በክራንቼ ጨፈርሁ፤ ቀረጸኝ። ከዚያ ልጁ አንገቱን ማሻሸት ጀመረ።

«ሀብትዬ፣ ለአንዴ ብቻ ክራንቹን ዞር ብናደርገው? ዓይን ይስባል።»

«ይሳብ! ክራንቼ ነው።»

«ለልዩነት ነው እኮ የኔ ቆንጆ። ቁጭ ብለሽ፣ ከወገብ በላይ።»

ደክሞኝ ነበር፣ ቁንዝላ ያየኋት ሴትዮም ከልቤ አልወጣችም። እሺ አልሁት። ቀረጸ። ሲጨርስ ክራንቼንም ቦርሳዬንም ሰብስቦ ያዘ፤ ስልኬ ቦርሳው ውስጥ ነው።

«አንቺ አረፍ በይ፤ ይበልጣል መጥቶ ያዝልሻል። ይህን እኔ ላድርስልሽ።»

ምን ያለ ደግ ልጅ ነው አልሁ በልቤ።

ትንሽ ቆይቶ ነፋሱ ተነሳ። ጣና ሲቆጣ ቀስ ብሎ አይደለም። ደንገሉ በአንድ ጊዜ ተኛ፣ ውኃው ከሰል መሰለ። ነጂው ሲጮህ ይሰማኛል፤ ቃሉ አይለይም። ቀጥሎ የሞተር ድምፅ ሰማሁ። ጀልባውን ሊያስጠጉልኝ ነው ብዬ ቀሚሴን ሰበሰብሁ። ድምፁ ግን እየቀረበ አልነበረም። ከደንገሉ ጫፍ ሁለቱም ጀልባዎች ተከታትለው ወጡ፣ አረፋ እየረጩ፣ አፍንጫቸውን ወደ ባሕር ዳር አዙረው።

«ይበልጣል!» አልሁ። «ሰብለ! ኧረ እኔ አለሁ!»

ነፋሱ ቃሌን ከአፌ እየነጠቀ ወደ ኋላዬ ይወስደዋል። አንድም ሰው ዞር አላለም።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ በኋላ ነው የሰማሁት፤ እናንተ ግን አሁኑኑ እወቁት። ቀራጩ ክራንቼን የሴቶቹ ጀልባ ላይ አስቀመጠ። ይበልጣል እኔን ሊያመጣ ሲመለስ ማዕበሉ ጀልባቸውን ከድንጋይ ጋር ያጋጨው ጀመርና ነጂው ጠርቶት ገፊ ሆነ። ቀና ሲል ክራንቼን የሴቶቹ ጀልባ ላይ አየ፤ እነሱ አመጧት አለ። ሴቶቹ ደግሞ ክራንቼን አዩ፣ እኔን አላዩም፤ ይበልጣል አዝሎ ከእሱ ጋር ወስዷታል አሉ። ክራንቼን ያየ ሁሉ እኔን ያየ መሰለው። ከዚያ ሁሉም ሸራ ተከናንቦ አንገቱን ደፋ።

መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ማርያምን ሳቅሁ። አሁን ይመለሳሉ፣ ይበልጣልን ለአንድ ሳምንት መሳቂያ አደርገዋለሁ አልሁ። ከዚያ አሰብሁት። ባሕር ዳር ደርሰው ሲወርዱ ነው የሚተያዩት። ያኔ ይመሻል። በዚህ ማዕበል፣ በጨለማ፣ የትኛው ነጂ ተመልሶ ይመጣል? ሳቄ እዚያው ቆመ።

ነፋሱ ትንሽ ረገብ ሲል ከውኃው በኩል «ኡፍፍ» የሚል ትንፋሽ ሰማሁ። ሰው ዋኝቶ ሲወጣ የሚተነፍሰው ዓይነት ነው። «ማነው?» አልሁ። እንደገና፣ ቀረብ ብሎ፣ «ኡፍፍ»። ከደንገሉ ሥር ሁለት ጆሮዎች ብቅ ብለው ተርገፈገፉ። ከጆሮዎቹ በታች ሁለት ዓይኖች፣ እኔን የሚያዩ።

ያን ጊዜ ከድንጋዩ ጎን ያለውን ጭቃ ዝቅ ብዬ አየሁት። ዱካው ሰሃን ያህላል፤ አራት ጣት አለው። የላም ዱካ እንዲህ አይደለም። እኔ የተቀመጥሁት የጉማሬ መንገድ አፍ ላይ ነው፤ ጀንበር ስትጠልቅ ሣር ሊግጥ የሚወጣበት።

ጉማሬ ከመንገዱ ያገኘውን እንደማይምር ጣና ዳር የኖረ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ድንጋይ መነሳት አለብኝ። ጉብታው ላይ ካለው ሾላ ሥር ብደርስ ሥሩ ወፍራም ነው፣ እሸሸግበታለሁ። እንዴት ልደርስ? ክራንች የለ፣ ይበልጣል የለ። በጉልበቴና በእጄ ብቻ ነው።

እናንተዬ፣ ልትስቁብኝ ትችላላችሁ፤ ግን አልወርድም አልሁ። ሞት ፊቴ ተቀምጦ እኔ የእናቴን ቃል አስባለሁ። «ሰው ፊት አትድሂ።» ሰው የት አለና! ያለው ጉማሬ ነው! ጆሮዎቹ ወደ ዳር ቀረቡ። ጀርባው ከውኃው ወጣ፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ማለቂያ የሌለው። «እማዬ ይቅር በይኝ» ብዬ ከድንጋዩ ተንሸራተትሁ።

እጄ ጭቃውን ሲነካ ሰውነቴ ሁሉን አስታወሰ። ክርኔ የት እንደሚያርፍ፣ ዳሌዬን በየት በኩል እንደምጎትት፣ ያን ሁሉ ዘመን ተቀምጦ ጠብቆኛል። በክራንች እንዲያ ፈጥኜ አላውቅም። ከመንገዱ ወጥቼ በሣሩ ውስጥ ወደ ላይ ዳኽሁ። ጉልበቴ ተላጠ፣ እሾህ መዳፌን ወጋኝ፣ አልቆምሁም። ከኋላዬ ውኃ ሲንጠባጠብ፣ ከዚያ ከባድ እርምጃ፣ ከዚያ ሣር ሲነጭ ሰማሁ። ጭር ባለ ቦታ ሣር ሲነጭ እንዲያ ያስፈራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ስቆም ይቆማል፣ ስሄድ ይነጫል። እያባረረኝ አይደለም፤ መንገዱን ይዞ ወደ ላይ እየመጣ ነው። ሾላው ያለው መንገዱ ጫፍ ላይ ነው።

ሾላው ሥር ስደርስ ከጉብታው ማዶ ያለው ውኃ ታየኝ። ነፋሱ ያን ያህል የማይበረታበት ጥግ ነው። እዚያ ጥግ አንዲት የደንገል ታንኳ፣ ታንኳዋ ላይ የሶላት ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ መረብ ይጥላሉ። አምላኬ! እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እንዳልጮህ ጉማሬው ቅርብ ነው፤ ግን ካልጮህሁ ይሄዳሉ።

«አባባ!» አልሁ ድምፄን አፍኜ። «አባባ፣ ኧረ በአላህ!»

ሽማግሌው ቀና አሉ። እስኪ በእሳቸው ዓይን እዩኝ። ማንም የማያድርባት ደሴት፣ የምሽት ግራጫ ብርሃን፣ ነጭ ቀሚስ የለበሰ፣ ጸጉሩ የተበተነ፣ በአራት እግሩ ከሾላ ሥር የወጣ ነገር በሴት ድምፅ ይጠራል። መረቡ ከእጃቸው ወደቀ።

«አዑዙ ቢላህ!» አሉና መቅዘፊያቸውን አነሱ።

«አይሂዱ! አይሂዱ አባባ፣ ሰው ነኝ!»

«ሰው ነሽ ወይስ ሌላ?»

«ሰው! ሰው ነኝ!»

«ሰው ከሆንሽ ቁሚ!»

በሕይወቴ ብዙ ስድብ ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ አንጀቴን የቆረጠኝ ግን የለም። ስድብም አልነበረም፤ ሰውየው ከልባቸው ፈርተው ነው።

«መቆም አልችልም» አልሁ።

«ሰው የሆነ ይቆማል!»

«እግሬ አይሠራም አባባ፤ ፖሊዮ ነው!»

«እግርሽ ካልሠራ ምን አመጣሽ እዚህ? ክንፍ አለሽ?»

«በጀልባ መጥቼ።»

«ጀልባውስ የታለ?»

«ሄደ።»

«አንቺን ጥሎ?»

«ረስቶኝ።»

ይህን ስናገር ለራሴም ውሸት መሰለኝ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና ታንኳዋን ማዞር ጀመሩ። በስመ አብ ብዬ አማተብሁ። «ስም መጥራቱንማ ጂኖችም ይጠራሉ» አሉ ዞር ሳይሉ። ከኋላዬ ሣሩ ተነጨ። ቅርብ ነው፤ ትንፋሹ ይሸተኛል፤ የጭቃና የበሰበሰ ሣር ሽታ።

ምን ማስረጃ ላቅርብ? መታወቂያዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ቦርሳዬ ባሕር ዳር እየሄደ ነው። መቆም አልችልም። አንድ የማውቀው ነገር ብቻ ቀረኝ።

«ቆይ! አንዴ ብቻ ይመልከቱኝ አባባ! ከዚያ ይሂዱ!»

መሬት ላይ ተቀመጥሁ፤ አንገቴን ቀና አደረግሁና ትከሻዬን ለቀቅሁት። ከበሮ የለም፤ በአፌ ቀስ አድርጌ እመታለሁ። መጀመሪያ ትከሻዬ ብቻ ነበር። ከዚያ ደረቴ መጣ፣ ከዚያ በመዳፌ መሬቱን እየደገፍሁ ወገቤ ተነሳ፣ ዞርሁ፣ ተኛሁ፣ ተነሳሁ። እነዚያን እንቅስቃሴዎች ማንም አላስተማረኝም። ደም በክርኔ ይወርዳል፣ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል፣ ግን እየጨፈርሁ ነው፤ ከሕይወቴ ሁሉ የበለጠ እየጨፈርሁ ነው። ለእኚህ ለአንድ ተመልካች።

መቅዘፊያው ቆመ።

«ኧረ ይቺ ሰው ናት!» አሉ። «ጂን ምን በወጣው እንዲህ ይለፋል! የጎጃም ልጅ ነሽ?»

«ጎንደሬ ነኝ! አሁን ይህ ይጠየቃል? ከኋላዬ ጉማሬ አለ!»

ፊታቸው ተለወጠ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ታንኳዋን ወደ ዳር አስጠጉ።

«ስሚኝ ልጄ። እንዳልመጣልሽ ታንኳዋን ከለቀቅኋት ነፋሱ ይወስዳታል። ራስሽ መምጣት ትችያለሽ?»

ትችያለሽ ወይ? ብለው ጠየቁኝና መልሴን ጠበቁ። ይህን ያህል ዘመን የሚያዝለኝ ሞልቶ፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም።

«እችላለሁ» አልሁ።

ቁልቁለቱን በሆዴም በክርኔም ወረድሁት። ግማሽ ላይ ስደርስ ሽማግሌው «እንዳትንቀሳቀሺ» አሉ። ከላይ፣ ሾላው አጠገብ፣ ጉማሬው ቆሟል። ቤት ያህላል። ራሱን ዝቅ አድርጎ እኔ የተቀመጥሁበትን መሬት አሸተተ፤ ደሜን መሆን አለበት። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ ታች አየን። ትንፋሼን ያዝሁ። ጉማሬው አንዴ አጉረመረመና በድንገት ቁልቁል ተለቀቀ።

እንዲያ ያለ አካል እንዲያ ይሮጣል ብላችሁ አታስቡም። መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ፊቴን ሣሩ ውስጥ ቀበርሁ። ሄደልኝ አላልሁም፣ መጣብኝ ነው ያልሁት። የሩጫው ነፋስ ጎኔን መታኝ፣ ጭቃ ጀርባዬ ላይ ዘነበ፣ ከዚያ ውኃው ሲፈነዳ ሰማሁ። በአጠገቤ አልፎ ሐይቁ ውስጥ ገባ።

«አሁን! አሁን ነይ!»

እንዴት ታንኳዋ ላይ እንደወጣሁ አላውቅም። እርጥብ ደንገል ላይ በደረቴ ተኛሁ። ሽማግሌው አልቀዘፉም። ሁለታችንም ዝም ብለን ውኃውን አየን። ከታንኳዋ ሥር አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ደንገሉ ሆዴን ገፋ አደረገው፣ ከዚያ ለቀቀው። ከንፈራቸው ዱዓ ያደርጋል፤ የእኔም ማርያምን ይጠራል። ትንፋሹ ራቅ ብሎ ሲሰማ መቅዘፊያቸውን እንደ ማንኪያ ቀስ አድርገው ነከሩት፤ ደንገሉን እየታከክን ወጣን።

ጋሽ እንድሪስ ይባላሉ። ቤታቸው ከደሴቷ ማዶ፣ ሐይቁ ዳር ነው። መንገድ ላይ እየቀዘፉ ጠየቁኝ።

«ጠላት አለሽ ልጄ? ማነው የጣለሽ?»

«የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው።»

«ይህስ ከጉማሬው ይብሳል» አሉ።

ቤታቸው ስንደርስ ልጃቸው ቁስሌን አጥባ ስልክ ሰጠችኝ። በቃሌ የማውቀው የራሴን ቁጥር ብቻ ነው፤ ደወልሁት። ያነሳው ይበልጣል ነው። ወደብ ላይ «እናንተ ጋ አይደለችም እንዴ?» ተባብለው፣ ሰብለ ራሷን ስታ፣ ነጂው አልመለስም ብሎ እየለመኑት ነበር። ድምፄን ሲሰማ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«ክራንችሽን አይቼ እኮ ነው! ክራንችሽን አየሁት!»

«እኔን ማየት ነበረብህ ይበልጣል» አልሁት። እኔም አለቀስሁ።

ይበልጣልን አልተቀየምሁትም፤ ዛሬም ከበሮ ይመታልኛል። ግን ያዝለኝ ዘንድ እስክጠይቀው ድረስ አያዝለኝም፤ ክራንቼም ከእጄ አይርቅም። ስብሰባ ላይ ስናገርም ቃሌ ተለውጧል። እናንተ የምታነቡኝ፣ ደግነታችሁን አውቃለሁ። ጎዳና ስሻገር ክንዴን ሳትጠይቁ የምትይዙት ክፉ ሆናችሁ አይደለም። ግን ሳትጠይቁ ስታነሱኝ የምታነሱት ዕቃ ነው፤ ዕቃ ደግሞ ይረሳል። እኔ ላይ ደርሶ አይቼዋለሁ።

ለእናቴም ነገርኋት። ስለ ዳቦዋ ሴትዮ ከዚያ ቀን በኋላ አንስተን አናውቅም ነበር። ብዙ አለቀሰችና «እኔ እኮ ከሰው ዓይን ልጠብቅሽ ብዬ ነው» አለች። አውቃለሁ አልኋት።

ከሰብለ ጋር ወለሉን መሥራት ጀመርን። «አላልሁሽም?» እያለች አንገበገበችኝ፤ ቻልኋት። ሥራው ሲያልቅ መጀመሪያ ባሕር ዳር እናሳየው አሉ። እምቢ አልሁ። ቁንዝላ ነው የማሳየው አልሁ፤ እዚያ ሳልመልስ የመጣሁት ጥያቄ አለ።

ቁንዝላ ያው ሜዳ ላይ ሰው ተሰበሰበ። ጋሽ እንድሪስ ከነልጃቸው መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል። ያቺ ሴትዮም መጥታለች፤ ሰው ልኬ አስጠርቻት ነበር። አንዲት ቀጭን ልጅ በነጠላ ሸፍና እቅፏ ውስጥ አስቀምጣለች። ክራንቼን ለሰብለ ሰጠሁና ከሜዳው ጫፍ እየዳኽሁ ገባሁ። ሰው ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ።

አንዳንዱ ፊቱን አዞረ። «ውይ! ወደቀች!» አለች አንዷ። ከመሃል አንድ ጎልማሳ ብድግ ብሎ ሊያነሳኝ ሮጠ፤ ክንዴን ሊይዝ ጎንበስ ሲል የጋሽ እንድሪስ ድምፅ ከኋላው መጣ።

«ተዋት! አልወደቀችም፣ እየጨፈረች ነው!»

ሰውየው እጁ አየር ላይ ቀረ። ይበልጣል ከበሮውን መታ። ትከሻዬን ለቀቅሁት።

አንድ ዙር ስጨርስ ቀና ብዬ ሴትዮዋን አየሁ። ነጠላው መሬት ላይ ወድቋል። ልጅቷ ከእቅፏ ወርዳ፣ በደካማ እጆቿ አፈሩን እየገፋች፣ ወደ እኔ እየዳኸች ነው። እናትየዋ ልትይዛት እጇን ዘረጋች፤ ቀሚሷን ልትነካ ጥቂት ቀርቷት ነበር። እኔም መጨፈሬን ሳላቆም ያቺን እጅ አየሁ። እጇ ቆመ። ከዚያ ሰበሰበችውና ማጨብጨብ ጀመረች።